የፊት ጎማው ሲጮኽ ኩሽኔታ ለመግዛት አትቸኩል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አሮጌ ሃይሉክስህ ከ40 በላይ ሲሄድ ከፊት በቀኝ በኩል «ኡኡኡ» ይላል፣ ጋራዥ ኩሽኔታው (ጎማው ልስልስ ብሎ እንዲዞር የሚያደርገው ቤሪንግ) አልቋል ብለውኛል፣ ልግዛ ወይ ነው ያልከው። ገና አትግዛ። በለጠፍከው ፎቶ ላይ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት የመሃል ክፍል) ጎማውን ከአክሱ ጋር የሚያገናኝና የሚለይ፣ በእጅ የሚዞር ሎክ እንዳለው አይቻለሁ። መጀመሪያ በእሱ ሞክር።

ሁለቱንም ሞዞ ፍሪ አድርገህ ንዳ። ያኔ ጎማው ብቻ ይዞራል፣ አክሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ይቆማል። ከዚያ ሁለቱንም ሎክ አድርግ፤ ፎር ዊል ግን አታስገባ። አሁን አክሱም፣ ሲቪ ጆይንቱም (የአክሱ መታጠፊያ)፣ የፊት ዲፈረንሻሉም (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) አብረው ይዞራሉ። ድምፁ በሁለቱም ካለ ጎማና ኩሽኔታ ተመልከት። ሎክ ላይ ብቻ ከመጣ ግን የጎማው ኩሽኔታ የለበትም። እኔ ይህን ሳላውቅ ኩሽኔታ አስቀይሬ ድምፁ ሳይጠፋ ቀርቷል። በኋላ ሲታይ ሎኩ ሳይፈታ ከርሞ፣ የሚጮኸው ሲቪ ጆይንቱ ነበር።

ጎማውንም ለይ። ከባሕር ዳር አባይ ድልድይ ወጥተህ በጎንደር መንገድ አስፋልቱ ላይ አድምጥ፣ ከዚያ ከተማ ውስጥ ኮብልስቶን ላይ። የጎማ ድምፅ መንገዱ ሲቀየር ይቀየራል፣ የኩሽኔታ ያው ነው። መንገዱ ጭር ሲል መሪውን ቀስ አድርገህ ወደ ግራ ያዝ። ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ድምፁ ከበረታ ቀኙን ጠርጥር።

ቀጥሎ ክሪክ። ጎማውን አንሥተህ አንድ እጅህን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርገህ ነቅንቀው። ከተንቀሳቀሰ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንት (የጎማውን መታጠፊያ ከእገዳው ክንድ ጋር የሚያገናኘውን) እይ። ፍሪ ላይ ሆኖ ጎማውን በእጅህ እያዞርክ የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ሞዞው አጠገብ የማይዞረው ብረት ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርግ። ደህና ኩሽኔታ ልስልስ ይላል፣ የተበላው አሸዋ እንደገባበት ይንኮሻኮሻል።

በክረምት የፎገራን ጭቃና ውሃ ካቋረጥክ ደግሞ ሞዞውን ሳትከፍት አትተወው። የጋለ ሞዞ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ባረጀው ጎሚኒ (ውሃና አቧራ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት) በኩል ውሃ ይስባል። የእኔ ሲከፈት ግሪሱ ማኪያቶ መስሎ፣ በጣቴ ሳሸው ውሃ ወጣው። ኩሽኔታው ላይ ጉድጓድ ወይም የዝገት ነጠብጣብ ካላየህ በናፍታ አጥበህ፣ በደንብ አድርቀህ፣ አዲስ ግሪስ በመዳፍህ እያስገባህ ልትመልሰው ትችላለህ። ጎሚኒውን ግን ቀይረው። ኩሽኔታውን የምትቀይር ከሆነ ሞዞው ውስጥ የሚቀረውን የውጭ ቀለበቱንም አብረህ ቀይር። አዲሱን በአሮጌ ቀለበት ላይ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው።

ዳዶው (ኩሽኔታውን የሚያስረው ነት) ሲታሰር አጠገቡ ቆመህ አሠራ። ብዙ ቦታ «ጠበቅ ይበል» ብለው በጉልበት ያስሩታል፣ ኩሽኔታው ይግልና ይቃጠላል። ጎማውን እያዞሩ ማጥበቅ፣ መልሶ ማላላት፣ ከዚያ በመኪናው ማኑዋል ልክ ማሰር ነው። 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ ሁለቱንም ሞዞ በእጅህ ንካ። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ወይ ጠብቋል፣ ወይ ፍሬኑ ይዟል።

ፍሪና ሎክ ላይ ምን እንዳለ ለይተህ ጻፍልኝ። አጠገብህ የተቀመጠ ሰው መስኮት ከፍቶ ድምፁን በስልክ ቢቀዳልህ ደግሞ እዚሁ ሰምተን እንነግርሃለን።