ሞንስቴራን ከሳሎን ወደ ደጅ፣ ከደጅም ወደ ሳሎን ስናዛውር

ጥያቄው የደረሰን ከአዲስ አበባ፣ ከአያት አካባቢ ነው። ጠያቂያችን ከሦስት ዓመት በፊት የገዙት ሞንስቴራ (ሰፋፊና የተሰነጠቁ ቅጠሎች ያሉት የቤት ውስጥ ተክል) ሳሎናቸው ጥግ ላይ ቆይቶ አዳዲስ ቅጠሎቹ እያነሱና መሰንጠቃቸውን እየተዉ ስለ መጡ፣ «ፀሐይ አጥቶ ነው» ተብለው በጥቅምት ወር ወደ ግቢ አወጡት። በሳምንቱ ቅጠሎቹ ነጣ ነጣ ብለው ቆዩና ደርቀው ቡናማ ሆኑ፤ በታኅሣሥ ደግሞ የቀሩት ጫፍ ጫፋቸው ጠቆረ። አሁን ወደ ሳሎን መልሰውት እንደ ደጁ ሁሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሊትር ውሃ ቢያጠጡትም የታችኞቹ ቅጠሎች መቢጨታቸውን አላቆሙም፤ አፈሩም መሽተት ጀምሯል። ተክሉ ይድናል ወይ፣ ቦታው ቤት ነው ወይስ ደጅ፣ የተበላሹት ቅጠሎችስ ይቆረጡ ወይ ሲሉ ይጠይቃሉ።

ግንዱን በጣትዎ ሲጫኑት ጠንካራ ከሆነና ካልጎደጎደ ተክልዎ ይድናል። ሆኖም አንድ ነገር አስቀድሜ ልለይልዎት እወዳለሁ፤ የገለጹልኝ ጉዳት አንድ ሳይሆን ሦስት ነው፤ የመጣበትም ምክንያት የተለያየ ነው። መጀመሪያ ነጥቶ በኋላ ቡናማ የሆነው፣ በተለይ ወደ ፀሐይ በዞረው የቅጠል ፊት ላይ የሚታየው፣ የፀሐይ ቃጠሎ ነው። በታኅሣሥ ውሃ የገባበት መስሎ የጠቆረው ብርድ የመታው ነው። ከታች ጀምሮ እየቢጨ ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከሸተተ፣ የሥር መበስበስ ምልክት ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ቅጠል ያበላሻሉ እንጂ ተክሉን ብዙ ጊዜ አይገድሉትም፤ ሦስተኛው ግን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ሥራችንን ከዚያ እንጀምር።

ተክሉን ከነአፈሩ ከማሰሮው ያውጡትና አፈሩን በእጅዎ ቀስ ብለው እያራገፉ ሥሩን ይመልከቱ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ወይም የቅቤ መልክ ያለው ሲሆን፣ ሲነኩት ጠንካራ ነው። የበሰበሰ ሥር ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ይልሞሰሞሳል፤ በሁለት ጣት ይዘው ሲስቡት የውጭ ልጣጩ ሾልቆ በእጅዎ ይቀርና መሐሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይታያል። ይህን ካዩ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግዎትም። የላላውን ሥር ሁሉ በአልኮል በተወለወለ ስለታም መቀስ እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጠው ያስወግዱ፤ የተቆረጠው ጫፍ ጠውለግ እንዲል ተክሉን ጥላ ውስጥ ጥቂት ሰዓታት ያቆዩት፤ ከዚያም በአዲስ አፈር ይትከሉት። ጓንት ቢያደርጉ መልካም ነው፤ የሞንስቴራ ፈሳሽ እንደ መርፌ የሾሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች ስላሉበት ቆዳን ያሳክካል፤ ሕፃን ወይም ውሻ ቅጠሉን ቢያኝክ ደግሞ አፍና ጉሮሮን ክፉኛ ይለበልባል።

ስለ አፈሩ ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ በከተማችን ከሚሞቱት የቤት ውስጥ ተክሎች ብዙዎቹን የሚገድላቸው የተተከሉበት አፈር ነውና። ከግቢ የተቆፈረ ጥቁር መሬት ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በማሰሮ ውስጥ ደግሞ አየር አያሳልፍም። ሞንስቴራ በተፈጥሮው ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው እርጥበታማ ደን የሚበቅል ሐረግ ነው። ሥሩ የለመደው የረገፈ ቅጠልና የበሰበሰ እንጨት ያለበትን፣ ዝናብ ቢዘንብበትም ውሃው ወዲያው ወርዶ አየር የሚተካበትን ልል አፈር ነው። እንዲህ ያለውን አፈር እኛ በቀላሉ ማዘጋጀት እንችላለን፤ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የደን አፈር፣ አንድ እጅ ለግንባታ የሚሸጠው ቀይ አሽ ተነፍቶ በሽምብራ መጠን የቀረው፣ አንድ እጅ ደግሞ ከርሞ የተብላላ የቡና ገለፈት። ቀይ አሹ ዱቄቱ እስኪወጣ ድረስ በውሃ መታጠብ አለበት፤ ያ ዱቄት ከታች ተጠራቅሞ ቀዳዳውን ይደፍናል። ገለፈቱም ትኩስ መሆን የለበትም፤ ትኩሱ በማሰሮው ውስጥ እየተብላላ ይሞቃል፣ ለተክሉ የሚገባውንም ናይትሮጂን ይወስድበታል።

ማሰሮው ከታች ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ መጠኑም የተረፈውን ሥር ይዞ ዙሪያውን ሁለት ሦስት ጣት ብቻ የሚተርፍ ይሁን። ሥሩ ለተቆረጠ ተክል ትልቅ ማሰሮ መስጠት ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃውን የሚጠጣለት ስለሌለ ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ መበስበሱም እንደገና ይጀምራል። ብዙ ሰው ውሃ እንዲወርድ ብሎ ከማሰሮው ሥር ጠጠር ይደለድላል። ይህ ልማድ ጉዳት አለው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ይቆማል። የራሰ ስፖንጅ አቁመው ቢይዙ ላይኛው ጫፍ ሲደርቅ ታችኛው እርጥብ ሆኖ እንደሚቀር ያያሉ፤ በማሰሮው ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ጠጠሩ የሚያደርገው ያንን እርጥብ ክፍል ወደ ሥሩ ማስጠጋት ብቻ ነው። ጠጠሩን ይተዉና እስከ ታች ድረስ አንድ ዓይነት ልል አፈር ይሙሉ።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ሊትር የሚል ቋሚ ልክ ለዚህ ተክል አይሠራም። ተክል ውሃ የሚጠጣው በሚያገኘው ብርሃን ልክ ነው፤ ደጅ ብሩህ ጥላ ሥር ሆኖ በሦስት ቀን የሚጨርሰውን ውሃ በሳሎን ጥግ በሁለት ሳምንትም ላይጨርሰው ይችላል። እርስዎ ቦታውን ቀይረው ውሃውን ግን አልቀየሩም፤ በእኔ እምነት ከፀሐዩም ከብርዱም ይልቅ ተክሉን ያደከመው ይህ ነው። ከእንግዲህ ከማጠጣትዎ በፊት ንጹሕ የእንጨት ስንጥር እስከ ማሰሮው ግማሽ ድረስ ሰክተው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፤ አፈር ተጣብቆበት ወይም ረጥቦ ከወጣ አያጠጡ። ደርቆ ሲወጣ ከታች በቀዳዳው እስኪፈስ ድረስ አጥግበው ያጠጡና ከሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይድፉት። ውሃው የጉድጓድ ከሆነና በማሰሮው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ከሠራ ጨው እየተከማቸ ነው፤ በክረምት የዝናብ ውሃ አጠራቅሞ በእርሱ አፈሩን ደጋግሞ ማጠብ ይጠቅማል።

ማዳበሪያ አሁን አይስጡ። በተለይ ለእርሻ የሚሸጠውን ዩሪያ በማንኪያ እየለኩ በማሰሮ ላይ መበተን የተለመደ ሆኗል፤ ለታመመ ሥር ይህ መርዝ ነው። ተክሉ ሁለት አዳዲስ ቅጠሎች ካወጣ በኋላ ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም የተመጣጠኑበትን የሚሟሟ ማዳበሪያ፣ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ልክ በግማሽ አቅጥነው፣ በወር አንድ ጊዜ ይበቃዋል።

ቤት ይሁን ወይስ ደጅ ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ ሁለቱም ይሆኑታል የሚል ነው፤ ድንገተኛ ለውጥ ግን አይሆነውም። በጥላ ውስጥ የተሠራ ቅጠል ቀጭንና ሰፊ ነው፤ ያለችውን ጥቂት ብርሃን ለመሰብሰብ የተዘጋጀ ስለሆነ ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኘው የሚከላከልበት የለውም፤ አንዴ ከተሠራም በኋላ ራሱን ለፀሐይ ቅጠልነት ሙሉ በሙሉ መለወጥ አይችልም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ቆላ ካለው ይበረታል። ጥቅምት ደመናው የተገለጠበት፣ ፀሐዩም የሚያቃጥልበት ወር ነው፤ ለሦስት ዓመት ጥግ የኖረ ተክል በዚያ ሰማይ ሥር በአንድ ቀን መውጣቱ ለቃጠሎው በቂ ነበር።

በቤት ውስጥ ቦታ ሲመርጡ ከውጭ አገር የተወሰደውን «ደቡብ መስኮት ፀሐያማ፣ ሰሜን መስኮት ጨለማ» የሚል ምክር እንዳለ አይቀበሉት። ያ ምክር ከምድር ወገብ ለራቁ አገሮች የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ታልፋለች፤ በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት በሰሜን በኩል ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት በተለይም በበጋ ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት በበጋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስለሚገባበት ስስ መጋረጃ ይፈልጋል፤ ወደ ሰሜን የዞረው ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ቀጥተኛ ፀሐይ ሊያገኝ ይችላል። ለሞንስቴራ የምመርጠው ወደ ምሥራቅ የዞረ መስኮት ነው፤ ለስላሳውን የጠዋት ፀሐይ ያገኝና ከዚያ በኋላ በብሩህ ጥላ ይውላል። ከመስኮቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይራቅ። ቀን 6 ሰዓት ላይ እጅዎን ከቅጠሉ በላይ ዘርግተው ጥላውን ይመልከቱ፤ ጥላው ጠርዙ ተለይቶ ከታየ ብርሃኑ በዝቷል፣ ደብዘዝ ብሎ ከታየ መልካም ነው፣ ጨርሶ ካልታየ ደግሞ አዳዲሶቹ ቅጠሎች ትንንሽና ያልተሰነጠቁ ሆነው ይወጣሉ። ያለ ስንጥቅ የወጣ ቅጠል በኋላ አይሰነጠቅም፤ ቅርጹ የሚወሰነው ገና ተጠቅልሎ እያለ ነውና ለውጡን የሚያዩት በሚቀጥሉት ቅጠሎች ላይ ነው። ተክሉ በዛፍ ላይ የሚወጣ ሐረግ በመሆኑ ሻካራ እንጨት ቢያቆሙለትና ከግንዱ የሚወጡትን የአየር ሥሮች ሳይቆርጡ ወደ እንጨቱ ወይም ወደ አፈሩ ቢመሩለት ቅጠሉ ይበልጥ ይሰፋል።

ወደ ደጅ ማውጣት ከፈለጉ ሌሊቱ መሞቅ የሚጀምርበትን መጋቢትን ይጠብቁ። መጀመሪያ ጣሪያ ያለው በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ጨርሶ በማያገኘው ቦታ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ በሁለተኛው ሳምንት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በሦስተኛው እስከ 3 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ያግኝ፤ ከዚያ በላይ ያለው አያስፈልገውም። በክረምትም ከጣሪያው ሥር አያውጡት፤ የሐምሌ ዝናብ ማሰሮውን ያጥለቀልቃል፣ በረዶም ሲጥል ቅጠሉን ይበሳሳል። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ወደ ቤት ይመለስ። ሞንስቴራ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት በደንብ ያድጋል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይጎዳል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዚህ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ብርዱ የሚከፋው ከላይ ምንም መጠለያ በሌለው ተክል ላይ ነው፤ ቅጠሉ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ሰማይ ይለቃልና። ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ከ10 ዲግሪ በታች በማይወርድበት ቆላማ አካባቢ ያሉ አንባቢዎች ግን ተክሉን በዛፍ ጥላ ሥር መሬት ላይ መትከል ይችላሉ።

ሲያስገቡት ቅጠሉን በሁለቱም ፊት፣ አንጓዎቹንም ጭምር አጥርተው ይመልከቱ። ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ወይም ከቅጠሉ ጀርባ ደቃቅ ድር ካዩ ተባይ ስለሆነ ከሌሎች ተክሎች ለይተው በለስላሳ ጨርቅና ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ባለበት ውሃ ይጥረጉት፤ በየሳምንቱ ደጋግመው ለአንድ ወር ያህል ይቀጥሉ። ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት በበጋ ሁልጊዜ ያስፈልጋል። እንዲያብረቀርቅ ተብሎ ዘይት መቀባት ግን ቅጠሉ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ይደፍናል።

የተበላሹትን ቅጠሎች በተመለከተ፣ ሙሉ በሙሉ የቢጨውንና የጠቆረውን ከግንዱ አጠገብ ይቁረጡ። ከግማሽ በላይ አረንጓዴ የቀረው ግን፣ መልኩ ባያምርም፣ ይቆይ፤ ሥሩ የተጎዳ ተክል ምግቡን የሚሠራው በእርሱ ነው፤ አዲስ ቅጠል ተዘርግቶ ሲጠነክር ያን ጊዜ ያነሡታል። ሥሩን ሲመረምሩ አብዛኛው በስብሶ ካገኙት ደግሞ ከግንዱ ጫፍ አንድ ጤነኛ ቅጠል፣ አንድ አንጓና አንድ የአየር ሥር ያለበትን ቁራጭ ይውሰዱ፤ ቅጠሉ ከውሃው ውጭ ሆኖ አንጓው በውሃ ውስጥ እንዲሆን አድርገው በብርጭቆ ያቁሙት፤ ውሃውንም በየሳምንቱ ይቀይሩ። አንጓ የሌለው ቅጠል ሥር ቢያወጣም ግንድ ስለማያወጣ እርሱን አይጠብቁ። በብርዱ ወራት ሥሩ ለመውጣት ከአንድ ወር በላይ ሊፈጅበት ይችላል፤ ርዝመቱ የጣት ያህል ሲሆን ከላይ በነገርኩዎት አፈር በትንሽ ማሰሮ ይትከሉት።