መልስ፦ ለባለሱቆች የሠራነው የዱቤ መመዝገቢያ አፕ አዲሱ አፕዴት የዱቤ መዝገባቸውን አጠፋ፤ ለባለሱቆቹ ልንገር ወይስ ዝም ብዬ ላስተካክል?

ንገራቸው፣ ዛሬውኑ። ከዚያ በፊት ግን አፕዴቱን አስቁም፣ ገና ያላወረዱት እንዳይነካቸው።

ደሴ ላሉት ሱቆች ሁሉ ደውልና ቁርጡን ንገር፦ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን የተመዘገበ ዱቤ እንደጠፋ፣ ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን የእናንተ የአፕ ሠሪዎቹ እንደሆነ፣ አፑን እንዳይከፍቱት። «አንዳንድ ተጠቃሚዎች መጠነኛ ችግር ሊገጥማቸው ይችላል» የምትለዋን ተዋት፣ ለማንም አትጠቅምም።

አትክፈቱት የምትለው ለምን መሰለህ? መዝገቡን የማስቀምጠው በኤስኪውላይት (SQLite፣ ዳታውን ስልኩ ላይ ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ) ነው ብለሃል። እሱ ላይ የተሰረዘ ረድፍ አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ፋይሉ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ፦

1. ባለሱቆቹ አፑን ከስልካቸው ሰርዘው ድጋሚ እንዳይጭኑት ንገራቸው፣ ያኔ ፋይሉም አብሮ ይሄዳል።
2. ፋይሉን ዋል (WAL፣ አዳዲስ ለውጦች መጀመሪያ የሚጻፉበት ፋይል) ከሚባለው አጋሩ ጋር ቅዳ፣ ሙከራህን በቅጂው ላይ ብቻ አድርግ። ቫኪዩም (VACUUM) የሚባለውን ትእዛዝ እንዳትነካ፣ የተሰረዘውን ጠራርጎ ያወጣዋል።

ስማችን ይጠፋል ላልከው፣ ጊትላብ (ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ያለው ድርጅት) በጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) የ6 ሰዓት ያህል ዳታ ሲያጠፋ፣ ባክአፖቹ እንዳልሠሩ ሳይቀር በአደባባይ ጽፎ የማስመለሱን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳይቷል። ድርጅቱ አልተዘጋም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ኮምቦልቻ የማውቃት ባለሱቅ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባት አፑን የሠራው ልጅ «ኔትወርክ ነው፣ ይመለሳል» እያለ ሲያቆያት፣ ማን ምን እንደወሰደ ከአእምሮዋ ጠፋ፣ በኋላ የከፈለውን ሰው ድጋሚ ጠይቃ ከጎረቤቷ ጋር ተጣላች። ስለዚህ ስትደውል፣ የሚያስታውሱትን አሁኑኑ ደብተር ላይ እንዲጽፉት ንገራቸው።