ጥያቄና መልስ፦ ቪምን ለፕሮግራም ሥራ ማመቻቸት

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ስላለው ቪኤስ ኮድ የተባለውን የኮድ መጻፊያና ብራውዘርን አንድ ላይ ስከፍት ይንቀራፈፋል፤ በዚህም ምክንያት በኡቡንቱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ቪም የተባለውን ቀለል ያለ የኮድ መጻፊያ ጭኜ መሥራት ጀመርኩ። ከኢንተርኔት የገለበጥኩት የማስተካከያ ፋይል ግን ቪም በተከፈተ ቁጥር የስሕተት መልእክት ይደረድርብኛል። እሱን አጥፍቼ ባዶ ፋይል ስፈጥር ደግሞ ቀድሞ የነበረው የኮዱ ቀለም ጠፋ። ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ለመጻፍ ማስተካከሉን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የሁለቱ ችግሮች ምንጭ የተለያየ ነው። ቪም ከ8.0 ስሪት ጀምሮ፣ ተጠቃሚው የራሱ የማስተካከያ ፋይል ከሌለው ብቻ፣ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣውን ‹ዲፎልትስ› የተባለ ፋይል ያነብባል፤ የኮዱን ቀለምና የፋይል ዓይነት መለየትን የሚያበራውም ይኸው ፋይል ነው። በሆም ፎልደርዎ ውስጥ በነጥብ የሚጀምረው የማስተካከያ ፋይል ‹ቪምአርሲ› ባዶም ቢሆን ከተገኘ ግን ቪም ‹ባለቤቱ ያሻውን ጽፏል› ብሎ ዲፎልትስን ይተወዋል። ስለዚህ የፋይልዎ የመጀመሪያ መስመር ‹ረንታይም ዲፎልትስ ነጥብ ቪም› የሚል ይሁን፤ የጠፋው ቀለም ይመለሳል። (በዚህ ዓምድ ትእዛዞች እንደ አነባበባቸው በፊደል ስለሚታተሙ፣ በፋይልዎ ውስጥ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፏቸው፤ ‹ነጥብ› ያልኩበት ቦታ ምልክቱ ራሱ ይግባ።)

የስሕተት መልእክቶቹ ደግሞ ከቁጥራቸው ይታወቃሉ። ኢ492 ቪም የማያውቀው ትእዛዝ፣ ኢ117 የማያውቀው ፈንክሽን ተጠራ ማለት ነው፤ በሁለቱም ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ምክንያት የገለበጡት ፋይል በእርስዎ ማሽን ላይ ያልተጫኑ ፕለጊኖችን (በቪም ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) መጥራቱ ነው። ኢ319 ካዩ ግን የተከፈተው ሙሉው ቪም ሳይሆን ኡቡንቱ አስቀድሞ የሚጭነው፣ ብዙ ነገር የተቀነሰለት ትንሹ ቪም ነው። እኔ የሰው ፋይል ማንበብን እንጂ እንዳለ መገልበጥን አልመክርም፤ ምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያስረዱት የማይችሉት መስመር በፋይልዎ ውስጥ ቢገባ፣ ነገ ሲበላሽ የሚያስተካክለው ሰው አይኖርም።

ለፕሮግራም ጸሐፊ ከሁሉ በፊት መስተካከል ያለበት የመስመር መግቢያ ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ ፓይተን 3 ታብንና ስፔስን ግልጽ ባልሆነ መንገድ የቀላቀለ ኮድ ሲያጋጥመው ማስኬዱን ትቶ ስሕተት ስለሚያሳውቅ። ብዙዎች አራት ስፔስ የሚለውን ሕግ በዋናው ፋይላቸው ላይ ለሁሉም ቋንቋ በአንድነት ያውጃሉ፤ ይህ ግን ሁለት ስፔስ የተለመደባቸውን የጃቫስክሪፕት ፕሮጀክቶች ያበላሻል። ለፓይተን ምንም መጻፍ አያስፈልግዎትም፤ ‹ፋይልታይፕ ፕለጊን ኢንደንት ኦን› የሚለው መስመር ዲፎልትስ ውስጥ ስላለ፣ ቪም ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው የፓይተን ደንብ የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ በሆነው በፔፕ 8 መሠረት አራት ስፔስ ያደርገዋል። ለጃቫስክሪፕት ግን በነጥብ በሚጀምረው የ‹ቪም› ፎልደር ውስጥ ‹አፍተር›፣ በእሱም ውስጥ ‹ኤፍቲፕለጊን› የሚባል ፎልደር ፈጥረው፣ ‹ጃቫስክሪፕት ነጥብ ቪም› የሚል ፋይል ያስቀምጡበትና ታብን በስፔስ የሚተካውን ‹ኤክስፓንድታብ›ን፣ የክፍተቱን ስፋት የሚወስነውን ‹ሺፍትዊድዝ›ንም ከእኩል ይሆናል ምልክትና ከ2 ጋር ይጻፉበት። እዚህ ላይ በመስመሮቹ መጀመሪያ ‹ሴት› ሳይሆን ‹ሴትሎካል› ማለት ግድ ነው፤ ‹ሴት› ካሉ የጃቫስክሪፕቱ ደንብ በዚያው ጊዜ ወደሚከፍቷቸው ሌሎች ፋይሎችም ይተላለፋል። ክፍተቱ እርስዎ ካዘዙት ውጭ ሆኖ ሲያገኙት፣ በትእዛዝ መስመሩ ላይ ‹ቨርቦስ ሴት ሺፍትዊድዝ› ብለው የጥያቄ ምልክት ይጨምሩበት፤ ቪም ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ የቀየረውን ፋይልም ይነግርዎታል። ስለ ቪም ማስተካከል አንድ ትእዛዝ ብቻ ማስተማር ቢፈቀድልኝ የምመርጠው ይህን ነው።

ቀጥሎ ‹ኢግኖርኬዝ›ንና ‹ስማርትኬዝ›ን አብረው ያብሩ፤ በትንንሽ ፊደላት ሲፈልጉ ሁሉንም ያገኛሉ፣ አንድ ትልቅ ፊደል ካስገቡ ግን ፍለጋው ልክ እንደጻፉት ይሆናል። ‹አንዱፋይል› ደግሞ ፋይሉን ዘግተው፣ ማሽኑንም አጥፍተው ከተመለሱ በኋላ የቀድሞ ለውጥዎን ወደኋላ ለመመለስ ያስችላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ጥቅሙን ማብራራት አያሻም። ነገር ግን የለውጦቹ ማስታወሻ ፋይሎች በየሥራ ፎልደርዎ እንዳይበተኑ በ‹አንዱዲር› አንድ ቦታ ይስጧቸው፤ ፎልደሩንም አስቀድመው በእጅዎ ይፍጠሩት፤ ቪም አይፈጥርልዎትም።

ኮዱን እየመረመረ ስሕተት የሚያሳይ የቋንቋ ሰርቨር መጫንም ይቻላል። ማይክሮሶፍት ለቪኤስ ኮድ ያዘጋጀውና በ2016 ይፋ ያደረገው የቋንቋ ሰርቨር ፕሮቶኮል ዛሬ በፕለጊን አማካይነት በቪምም ይሠራል። ይሁን እንጂ ከቪኤስ ኮድ የሸሹት ለራም ብለው ከሆነ፣ ከጀርባ ሆኖ ፕሮጀክቱን በሙሉ በራም ላይ የሚይዝ ሰርቨር መጫን ሸክሙን በሌላ በር መልሶ ማስገባት ነው። በእርስዎ ማሽን ላይ የምመክረው ‹ፓይፍሌክስ› የተባለውን ትንሽ መርማሪ ጭነው ‹ሜክፕሮግ› ለሚለው አማራጭ የተከፈተውን ፋይል ስም ከሚተካው የፐርሰንት ምልክት ጋር መስጠት ነው። ከዚያ ‹ሜክ› ሲሉ ስሕተቶቹ ተዘርዝረው ይመጣሉ፣ ‹ሲኔክስት› በሚለው ትእዛዝም ከአንዱ ወደ ሌላው ስሕተት መስመር ይዘልላሉ። ስሞችን ለማሟላት ኮንትሮልንና ኤንን አብሮ መጫን ያለ ምንም ፕለጊን ይሠራል። የቀለም ገጽታና የታችኛውን መስመር ማስዋብ በመጨረሻ ይምጣ፤ ብዙ ሰው ከዚያ ጀምሮ እዚያው ሲቀር አያለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምገኝ የድረ ገጽ ሠራተኛ ነኝ፤ በኮዱ ውስጥ የአማርኛ ጽሑፎችን በብዛት አስገባለሁ። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይሬ ስጽፍ ቆይቼ ኢስኬፕን ስጫን የቪም ትእዛዞች አይሠሩም፤ በየጊዜው ኪቦርድ መቀያየር ሰልችቶኛል። ፊደሎቹም በተርሚናሉ (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) ላይ ይደራረባሉ።

መልስ፦ በቪም ጠቋሚውን የሚያንቀሳቅሱት ትእዛዞች ፊደላት የሆኑት የቪም ቀዳሚ የሆነው ቪአይ የተሠራበት ኪቦርድ የተለየ የቀስት ቁልፍ ስላልነበረው ነው። ቢል ጆይ ቪአይን በ1976 ገደማ ሲጽፍ የሚጠቀምበት ኤዲኤም 3ኤ ተርሚናል፣ ቀስቶቹ በኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል ቁልፎች ላይ የተሣሉበት ነበር። ስለዚህ ኪቦርዱ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደረጃ አማርኛ ሲሆን ቪም የሚደርሰው ጄ ሳይሆን የአማርኛ ፊደል ነው፤ ለዚያ ደግሞ የተሰጠ ትእዛዝ የለውም።

መፍትሔው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ኪቦርድ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ አድርጎ፣ አማርኛውን ቪም ራሱ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። በነጥብ በሚጀምረው የ‹ቪም› ፎልደር ውስጥ ‹ኪማፕ› የሚል ፎልደር ፈጥረው ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደላት ማስቀመጫ ስልት የተቀመጠ የራስዎን ፋይል ይክፈቱ፤ ‹ሎድኪማፕ› ከሚለው መስመር በታች በግራ የሚጫኑትን የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ በቀኝ የሚወጣውን ፊደል ይደርድሩ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ ሰባቱን ቤቶች በለመዱት የአጻጻፍ ስልት መመደብ ይችላሉ። ከዚያ በማስተካከያው ፋይል ‹ሴት ኪማፕ› ብለው የፋይሉን ስም ይስጡ። በመጻፊያው ሁኔታ ላይ ሳሉ ኮንትሮልንና የ6ን ቁልፍ አብረው ሲጫኑ ወደ አማርኛ ይገባል ወይም ይወጣል፤ ኢስኬፕ ሲጫኑ ግን ትእዛዞቹ ወዲያው በእንግሊዝኛ ቁልፎች ይሠራሉ። ተመልሰው ሲጽፉ ደግሞ አማርኛው ትተውት በነበረበት ይጠብቅዎታል። በትንሹ ቪም ግን ይህ አገልግሎት አይገኝም።

የፊደሎቹ መደራረብ ከተርሚናሉ አሠራር የሚመጣ ነው። ተርሚናል ገጹን በእኩል ሳጥኖች ይከፋፍላል፤ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ መሠረት የኢትዮጵያ ፊደል አንድ ሳጥን ብቻ ስለሚሰጠው፣ እንደ ጨ ወይም ሠ ያሉት ሰፋፊዎቹ ወደ ጎረቤታቸው ይገፋሉ። በቪም ውስጥ የሳጥኑን ስፋት መቀየር ቢቻልም ተርሚናሉ በዚያው ልክ ካልተቀየረ ጠቋሚው ከፊደሉ ይለያያልና አይሞክሩት፤ በተርሚናሉ ቅንብር ጠበብ ያለ የአማርኛ ፎንት መምረጥ ወይም በፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት ማስፋት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቪም ወይስ ኒዮቪም?

መልስ፦ ብራም ሞሌናር በ1991 ያወጣው ቪም፣ እሳቸው በ2023 ካረፉም በኋላ በሌሎች እጅ እየተሻሻለ ነው። በ2014 ከእሱ የተገነጠለው ኒዮቪም በሉዋ ቋንቋ ይስተካከላል፤ ከ0.5 ስሪት ጀምሮም የቋንቋ ሰርቨሮችን ያለ ተጨማሪ ፕለጊን ያነጋግራል። በቂ ራም ባለው የራስዎ ማሽን ላይ ኒዮቪምን እመርጥልዎታለሁ። በርቀት በሚገቡባቸው ሰርቨሮች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ቪምን ወይም ቪአይን ስለሆነ፣ ፕለጊን የማይጠራ አጭር የቪምአርሲ ፋይል ጊት በተባለው የኮድ ለውጦች መመዝገቢያ አስቀምጠው ለዚያ ይያዙት።