መገንጠልን የተቃወመው ሰው የተገንጣዮቹ ምክትል ፕሬዚዳንት እንዴት ሆነ?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ክርክር እያዘጋጀ ነው። የጆርጂያው ፖለቲከኛ አሌክሳንደር ስቲቨንስ በ1860 መጨረሻ መገንጠልን ተቃውሞ ተናገረ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ግን የተገንጣዮቹ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች መንግሥት (የኮንፌዴሬሽኑ) ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ከተማሪዎቼ ገሚሱ «ከሃዲ ነው»፣ ገሚሱ «የሕዝቡን ውሳኔ ያከበረ ነው» ይላሉ። የቱ ነው ትክክሉ? ምንስ እናንብብ?

መልስ፦ መምህር፣ ሁለቱም ወገኖች ስቲቨንስ ሐሳቡን ቀየረ ብለው ስለ ተነሱ መጀመሪያ መነሻውን ያስተካክሉ። መገንጠል ሲነሳ ሦስት ጥያቄዎች ይደበላለቃሉ። ክፍለ ግዛት የመውጣት መብት አለው ወይ? አሁን መውጣቱ ይበጃል ወይ? የሚወጣውስ ምንን ለማዳን ነው? ስቲቨንስ ከመገንጠል አቀንቃኞቹ፣ ለምሳሌ ከወዳጁ ከሮበርት ቱምብስ፣ የተለየው በሁለተኛው ብቻ ነው።

ሰነዶቹን በቀናቸው ቅደም ተከተል ያስነብቧቸው (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ሊንከን በተመረጠ በሳምንቱ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1860፣ ስቲቨንስ በጊዜው የጆርጂያ ዋና ከተማ በነበረችው በሚሌጅቪል ለክፍለ ግዛቷ ሕግ አውጪዎች ያደረገው ንግግር ነው። በእኛ ኅዳር 1853 መሆኑ ነው፤ ዓፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ካስገበሩ 5 ዓመት ሆኗቸው፣ ወጣቱ ምኒልክም መቅደላ ነበሩ። ቱምብስ በዋዜማው እዚያው ቆሞ «እንውጣ» ብሏል። ስቲቨንስ ደግሞ እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ ሊንከን በሕጉ መሠረት ተመርጧል፤ በምርጫ ስለ ተሸነፍን ብቻ ብንወጣ ቃል አፍራሾቹ እኛ እንሆናለን። ፕሬዚዳንት ንጉሥ አይደለም፤ ያለ ሴኔቱ ይሁንታ ሚኒስትር እንኳ መሾም አይችልም፤ ሴኔቱም በእጁ የለም። ስለዚህ በደል እስኪፈጽም እንጠብቅ።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ስቲቨንስንም የአንድነት ጀግና ያደርጉታል። ንግግሩን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። የጠፉ ባሪያዎችን መመለስ የሚያደናቅፉ ሕጎች ያወጡ ሰሜናዊ ክፍለ ግዛቶች ሕጎቻቸውን እንዲሽሩ ይጠይቃል። ልብ ይበሉ፤ እዚህ ላይ የገዛ ሕጋቸውን ያወጡት ሰሜናውያኑ ናቸው፣ ያን የሚቃወመው ደቡቡ ነው። «ጦርነቱ የክፍለ ግዛቶች መብት ጉዳይ ነበር» የሚል ተከራካሪ ከተነሳ ይህን ማስረጃ ያቅርቡለት። በመዝጊያውም ጆርጂያ ልውጣ ካለች ለሕዝቧ ፈቃድ እንደሚገዛ፣ ዕጣዋም ዕጣው እንደሆነ አስቀድሞ ተናግሯል።

ቀጥሎ ሊንከን ዲሴምበር 22 የጻፈለት አጭር ደብዳቤ አለ። እናንተ ባርነት ትክክል ነው፣ ይስፋፋ ትላላችሁ፤ እኛ ስህተት ነው፣ ይገደብ እንላለን፤ የሚያለያየን ይኸው ነው ይለዋል። ለአንደኛ ተናጋሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ስለ መገንጠል ለመወሰን የተጠራውን የጆርጂያን ጉባኤ ድምፅ ሲጠቅሱ ሁለቱንም ቁጥሮች ይጥቀሱ። ጃንዋሪ 18 ቀን 1861 የመገንጠል ሐሳቡ በ166 ለ130 አለፈ፤ በማግሥቱ አዋጁ በ208 ለ89 ጸደቀ። በአንድ ሌሊት የተቃዋሚው ቁጥር በ41 ቀነሰ። ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ተማሪ ጆርጂያ በአንድ ልብ ወጣች ብሎ ይደመድማል። ስቲቨንስ በማግሥቱም ተቃውሞ ነው ድምፅ የሰጠው። ፌብሩዋሪ 9 ምክትል ፕሬዚዳንት የተደረገውም በከፊል እንደ እሱ ያመነቱትን ለመያዝ ነው።

ዋናው ሰነድ ማርች 21 ቀን 1861 በሳቫና ያደረገው ንግግር ነው፤ ፎርት ሰምተር በተባለው ምሽግ ላይ መድፍ ተተኩሶ ጦርነቱ ሊጀመር 3 ሳምንት ሲቀረው። የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አይደለም፣ ባርነትም ተፈጥሯዊ ቦታው ነው የሚለው እምነት እንደሆነ በግልጽ ተናገረ። ደቡቡ ከተሸነፈ በኋላ ንግግሩን ያተመው ጋዜጣ በሚገባ አልመዘገበኝም አለ፤ በ1868 ባሳተመው መጽሐፍም ጠቡን የሕገ መንግሥት ትርጉም ጉዳይ አደረገው። ከጦርነቱ በፊት የተናገረውን ከጦርነቱ በኋላ በጻፈው አይተርጉሙ፤ የ1861ዱ ይመዝናል።

ተማሪዎችዎ አንቀጽ 39ን ማንሳታቸው አይቀርም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግን መገንጠልን በስም ጠርቶ አይፈቅድም፣ አይከለክልምም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጋዊ አይደለም ብሎ የበየነው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1869 ነው።

ለማነጻጸሪያ የቴክሳሱን ገዥ ሳም ሂውስተንን ይጨምሩ። እሱም ባሪያ አሳዳሪ ነበር፤ ግን ለኮንፌዴሬሽኑ አልምልም ብሎ ማርች 16 ቀን 1861 ከሥልጣኑ ተሻረ። የክርክሩን ርዕስ «ስቲቨንስ ከሃዲ ነበር ወይስ አልነበረም?» ከማለት «ስቲቨንስና ሂውስተን የተቃወሙት አንድ ነገር ነበር ወይ?» ቢሉት ይሻላል። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሁሉም ስለማይነበብ የኖቬምበሩንና የሳቫናውን ንግግር ዋና ዋና አንቀጾች ተርጉመው ከሳምንት በፊት ያድሏቸው።