ልጆቹን ሰሜን ተራሮች ልውሰዳቸው ወይ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጎንደር ከተማ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ እንደምታስተምሪ፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆችሽን ሰሜን ተራሮች ወስደሽ በፓርኩ ስካውቶች (መሣሪያ ይዘው ጎብኚ በሚያጅቡ ጠባቂዎች) ለማስጎብኘት እንዳሰብሽ ጽፈሻል። «ድካሙና ወጪው ያዋጣል ወይ?» ነው ጥያቄሽ። ያዋጣል። እኔ የመጀመሪያውን ጉዞ በወሰድኩበት መንገድ ከወሰድሻቸው ግን አያዋጣም።

ያን ጊዜ ስልሳ የሚሆን ተማሪ በአንድ አውቶቡስ ጭነን ሄድን። ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን አንድ ስካውት ያዝን። ለስልሳ ልጅ አንድ ሰው። ፓርኩ ውስጥ ቡይት ራስ የሚባለው ቦታ ስንደርስ ጭላዳዎቹ ሜዳው ላይ ተሰማርተዋል። ልጆቹ እየጮኹ ወረዱ። አንዱ ብስኩት ወረወረ፣ ሌላውም ተከተለው። ወዲያው መንጋው ብድግ ብሎ ወደ ገደሉ ወረደ። እኔም ስካውቱን ከጎኔ አቁሜ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ሳስረዳ ቆየሁ። ሰውዬው መሣሪያቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ሰሙኝ። ማታ ስንመለስ ልጆቹን «ምን አያችሁ?» ብላቸው «ዝንጀሮ» አሉኝ። አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ያንን ሁሉ መንገድ ሄደን ከቃሉ ያለፈ ነገር ይዘው አልመጡም።

በሚቀጥለው ዓመት ሃያ ልጅ ብቻ ወሰድኩ፣ ስካውት ሁለት። ከመነሳታችን በፊት ትልቁን ስካውት «ጋሼ፣ ዛሬ መምህሩ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ እሰማለሁ» አልኳቸው። መጀመሪያ አፈሩ። «እኔ ምን ተምሬ!» አሉ። ሜዳው ጋ ስንደርስ ግን ልጆቹን ሣሩ ላይ አስቀመጧቸውና «አሁን ማንም እንዳይናገር። ሲበሉ ስሙ» አሏቸው።

ሰማን። ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። ጭላዳው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን አንድ በአንድ ይነቅላል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይከታል። በቂጡ እየተንሸራተተ ትንሽ ይጠጋል፣ እንደገና ይነቅላል። መቶ የሚሆን መንጋ እንዲህ ሲያደርግ የሚሰማው ድምፅ ማጭድ የያዘ ደቦ ይመስላል። አንዷ ልጅ «ጋሼ፣ እንደ በግ ሣር ብቻ ነው የሚበሉት?» አለች። እኔ ያላልኩትን ራሷ ደረሰችበት። በእርግጥም በዓለም ላይ ከቀሩት የዝንጀሮና የጦጣ ዘሮች ሁሉ በዋናነት ሣር በልቶ የሚኖረው ጭላዳ ብቻ ነው። ማታ ማታ ለምን ገደሉ ላይ እንደሚያድሩ፣ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ምን እንደሚናገር፣ ሁሉም ከዚያች ጥያቄ ተከትሎ መጣ።

ስካውቱ ያደጉት እዚያው ተራራ ላይ ከብት እየጠበቁ ነው። ልጅ እያሉ ጭላዳ ከገብስ ማሳ በወንጭፍ ያባርሩ ነበር። ይህን ሲነግሯቸው አንድ ተማሪ «ታዲያ አሁን ለምን ይጠብቋቸዋል?» አላቸው። ትንሽ ዝም ብለው «የሚበላው ሣርም የሚያድርበት ገደልም ካለቀበት የት ይሂድ? እኔስ ከብቴን ለማሰማራት የት ልሂድ?» አሉት። ይህ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ አከራከረን። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ እንደሆነ፣ በእርሻና በግጦሽ መስፋፋት፣ በዋሊያም ቁጥር ማነስ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ በ2017 እንደወጣ ስነግራቸው ቁጥሩ ደረቅ አልሆነባቸውም። የገበሬውንም ወገን የያዙ ልጆች ነበሩ፤ ደስ አለኝ።

ዋሊያ ማየት ከፈለጋችሁ ጨነቅ እስከሚባለው ቦታ መዝለቅ ያስፈልጋል። እሱ ግን ለአንድ ቀን ጉዞ ልጆችን ያደክማል። እኔ በሳንቃበር አካባቢ ብቻ ብትቆዩ እመርጣለሁ። ብዙ ቦታ ከመሮጥ አንድ ቦታ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ይሻላል። ጅብራ ካገኛችሁ ስካውቱን ስለ እሷ ጠይቂያቸው። ዓመታት ሙሉ አድጋ አንዴ ብቻ አብባ ትሞታለች። ልጆቹ ይህን ከሰሙ በኋላ ቅጠሏን ሊቆርጡ ሲሉ እጃቸውን ሲሰበስቡ አይቻለሁ።

ለዝግጅት ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውሰጃቸው። ግቢው ውስጥ ባሉት ጽድና ወይራዎች ሥር ግማሽ ሰዓት ዝም ብለው ተቀምጠው የሰሙትን የወፍ ድምፅ ይጻፉ። ዝም ማለትን እዚህ ካልተለማመዱ እዚያ አይችሉትም። እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ ስካውቱን የሚጠይቀው አንድ የራሱ ጥያቄ በደብተሩ ይዞ ይሂድ። «ዋሊያዎቹ» ብለው ብሔራዊ ቡድናችንን የሚጠሩት ሁሉ እንስሳው ከሰሜን ተራሮች ሌላ የትም እንደማይገኝ ሲያውቁ ጥያቄ አያጥራቸውም።

የወላጅ ፈቃድና የትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ቀድሞ ይዘጋጅ። ለስካውቶቹ የሚከፈለውንም የመግቢያውንም ደባርቅ ደውለሽ አጣሪ። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ከደባርቅ ሰው አረጋግጪ፤ ትንሽ ጥርጣሬ ካለ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፊው። ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ራሱን የሚያመው ልጅ ይኖራል። እንዳይሮጡ፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ እንዲጠጡ፣ ሕመሙ ካልተሻለው ወዲያው ዝቅ ወዳለ ቦታ ይወረድ። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት የሌለው ልጅ ካለ ቀድመሽ እወቂ፤ ልጆች አፍረው አይናገሩም። ጥቅምት ጥሩ ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ሣሩም ገና አልደረቀም። ለምሳ ቆሎና ዳቦ በቂ ነው፤ ፍርፋሪው ግን ሜዳው ላይ እንዳይቀር።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ። ስካውቱ የተሸከሙት መሣሪያ አንዳንድ ልጆችን ያስፈራል፤ በተለይ ባለፉት ዓመታት ብዙ ያዩትን። እኛ ጋ አንዲት ልጅ ቀኑን ሙሉ ከኋላ ቀረች፤ ምክንያቱን ያወቅሁት ስንመለስ ነው። አሁን ግን ገና ደባርቅ ሳለን ስካውቱ ራሳቸው መሣሪያው ለምን እንደሆነ እንዲነግሯቸው አደርጋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከተመለሳችሁ በኋላ ልጆቹ የተማሩትን ለስካውቶቹ በደብዳቤ ይጻፉላቸው። የእኛን ደባርቅ ድረስ አድርሼ ነበር፤ ጋሼ አንድ በአንድ አስነብበውኝ ሰሙ፣ ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።