ከልጆች ጋር ባሕር ማዶ፦ የት ሰፈር እንግባ? (ጥያቄና መልስ)

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስለ ቤት ናቸው። ቪዛው ወጥቷል፣ ሻንጣው እየተገዛ ነው፣ የት ሰፈር እንደሚገባ ግን ቤተሰቡ አልተስማማም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረዘም ያሉትን አሳጥሬ መልሻለሁ።

ባለቤቴ ሥራ ያገኘው መሀል ከተማ ነው። ልጆቻችን የ2 እና የ5 ዓመት ናቸው። በምንችለው ኪራይ ወይ ለሥራው ቅርብ የሆነች ጠባብ አፓርታማ፣ ወይ ከከተማ ወጣ ብሎ ግቢ ያለው ሰፊ ቤት እናገኛለን። እሱ ግቢውን ወዶታል። እኔ ግራ ገብቶኛል። (የሁለት ልጆች እናት)

ግቢ ልብ ይወስዳል። በፎቶ ሲታይ ደግሞ ይብሳል። እስቲ ቤቱን ለጊዜው ይተዉትና አንድ ተራ የሥራ ቀን፣ ማክሰኞን እንበል፣ ከጠዋት እስከ ማታ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ትልቁን ማን ትምህርት ቤት ያደርሳል? ከመዋዕለ ሕፃናት “ልጁ አተኩሶታልና ይውሰዱት” ተብሎ ቢደወል ማን በስንት ደቂቃ ይደርሳል? ባለቤትዎ ማታ ሲገባ ልጆቹ ነቅተው ነው የሚያገኛቸው ወይስ ተኝተው?

ሽቱትዘር እና ፍራይ የተባሉ ሁለት የስዊዘርላንድ ኢኮኖሚስቶች የብዙ ዓመታት የጀርመን መረጃ ይዘው ይህንኑ መርምረው ነበር። ጥናታቸው በ2008 ታትሟል። ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። ደመወዙ ወይም ቤቱ ያካክሰዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ አላካካሰውም። እኔ አይገርመኝም። ለሰፊው ሳሎን በሁለት ወር ውስጥ ዓይን ይለመዳል። መንገዱ ግን በየቀኑ አዲስ ነው፤ ዛሬ ባቡሩ ይዘገያል፣ ነገ መንገዱ ይዘጋጋል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ቀን ቀን ቤት የሚውለውን ሰው ነው። ትንሹን ይዘው የሚውሉት እርስዎ ከሆኑ፣ ግቢው ያለው ቤት የእርስዎ የሥራ ቦታ ነው ማለት ነው። አውቶቡስ በሰዓት አንዴ የሚያልፍበት፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የማይታይበት ሰፈር ውስጥ፣ ቋንቋውን ገና ሳይለምዱ፣ ከ2 ዓመት ልጅ ጋር ብቻዎን። ግቢው ያኔ አያጫውትም። ሁለተኛ መኪና ያስፈልጋል፤ ከኪራይ የተረፈውን ያ መኪና ይበላዋል።

የእኔ መለኪያ ይቺ ናት፦ የልጅ ጋሪ እየገፉ በ15 ደቂቃ ውስጥ መጫወቻ ሜዳ፣ መድኃኒት ቤትና ሱቅ መድረስ ይቻላል? ከተቻለ ጠባቧን አፓርታማ ይያዙ፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት። ብቻ ሊፍት መኖሩን ይጠይቁ። ጋሪ፣ ልጅና የሱቅ ዕቃ ይዤ አራተኛ ፎቅ በእግሬ ስወጣ የኖርኩበት ክረምት አለ፤ ጉልበቴ እስካሁን ያስታውሰዋል። ባለቤትዎ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ከቤት የሚሠራ ከሆነ ግን ፍርዴን አነሳለሁ። ያኔ ግቢው ያሸንፋል።

ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ትጀምራለች። ጓደኛዬ “መጀመሪያ ቤት ያዝ፣ ትምህርት ቤቱ ይደርሳል” ይለኛል። ልክ ነው?

ጓደኛዎ ልጅ የለውም መሰለኝ። በብዙ አገር ትምህርት ቤቱን የሚወስነው አድራሻው ነው። በአሜሪካ አብዛኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችን የሚቀበለው በመኖሪያ ክልል ነው። መስመሩ በመንገድ መሀል ሊያልፍ ስለሚችል፣ ፊት ለፊት የሚኖሩ ልጆች ለየብቻ ይማራሉ። ከትምህርት ቤቶቹ በጀት ትልቅ ድርሻ የሚመጣው ከአካባቢው የቤት ግብር ነው፤ የሰፈሩ ሀብት በቀጥታ ክፍል ውስጥ ይገባል።

በእንግሊዝ ደግሞ በብዙ ቦታ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው ርቀት ይለካል። ቀኑም ጨካኝ ነው። ልጅ 4 ዓመት ሞልቷት በሚመጣው ሴፕቴምበር ትጀምራለች፤ ማመልከቻው ግን ጃንዋሪ 15 ላይ ይዘጋል፤ መልሱ ኤፕሪል 16 ይወጣል። ኦገስት ላይ የደረሰ ቤተሰብ የሚያገኘው ከሌሎች የተረፈውን ነው። ፊንላንድ ቢሆን ኖሮ አንደኛ ክፍል የሚገባው 7 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ነው። ስለዚህ “ትምህርት ትጀምራለች” ያሉት በየትኛው አገር አቆጣጠር እንደሆነ መጀመሪያ ያረጋግጡ።

ቋንቋም አለ። በካናዳዋ ኩቤክ ከ1977 ሕግ ወዲህ ከውጭ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች፣ ጥቂቶች ሲቀሩ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ነው የሚማሩት። ቤልጂየም ውስጥ ብራስልስ ሲኖሩ ከፈረንሳይኛና ከደች መምረጥ ይቻላል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብለው ፍላንደርስ ቤት ከተከራዩ ግን ደቹን መርጠዋል፤ ውሉ ላይ ባይጻፍም።

ምን ያድርጉ? ሁለት ወይም ሦስት ትምህርት ቤት ይምረጡ፤ ቤቱን በእነሱ ዙሪያ ይፈልጉ። ከመፈረምዎ በፊት ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ይደውሉና ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ይህ የቤት ቁጥር በእናንተ ክልል ነው ወይ? በልጄ ክፍል ቦታ አለ ወይ? ደላላውን አይጠይቁ። እኔ ጠይቄ ነበር። “የዚያ ትምህርት ቤት ክልል ነው” ብሎኝ ፈረምኩ። ልጄን ላስመዘግብ ስሄድ መስመሩ ከእኛ ሁለት ሕንፃ ቀደም ብሎ እንደሚያበቃ ተነገረኝ። አንድ ዓመት ሙሉ በሁለት አውቶቡስ አመላለስኳት።

ኢንተርኔት ላይ ለሚገኙት የትምህርት ቤት ደረጃዎች ብዙ ዋጋ አይስጡ። የፈተና ውጤት ስለ ወላጆች ገቢ የሚናገረው ስለ መምህራኑ ከሚናገረው አያንስም። የእንግሊዙ ተቆጣጣሪ ኦፍስቴድ ራሱ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረውን ባለ አንድ ቃል ጠቅላላ ውጤት በሴፕቴምበር 2024 ትቶታል። ቢቻል ልጆች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓት በሩ ላይ ይቁሙና ይዩ። ብዙ ይናገራል።

ቁጠባችንን በኪራይ ከምንጨርስ ገና እንደገባን ቤት ብንገዛስ?

አይግዙ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ሰፈሩን በክረምትም በበጋም ሳያዩ፣ ሥራው ይጽና አይጽና ሳይታወቅ፣ ያለችውን አንድ ቁጠባ ግድግዳ ውስጥ መቅበር ነው። በአንዳንድ አገር ቢፈልጉም አይቻልም። ካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ቤት እንዳይገዛ ከጃንዋሪ 1፣ 2023 ጀምሮ ከልክላለች፤ እገዳው እስከ ጃንዋሪ 1፣ 2027 ተራዝሟል። የሥራ ፈቃድ ላላቸው አንዳንድ ሰዎች የተተወ ቀዳዳ አለ። አውስትራሊያም ጊዜያዊ ቪዛ የያዙትን ጨምሮ የውጭ ሰዎች የተሠሩ ቤቶችን እንዳይገዙ ከኤፕሪል 2025 እስከ ማርች 2027 አግዳለች። ይከራዩ።

ሁለታችንም ቶሎ ሥራ መግባት አለብን። ልጃችን 14 ወሯ ነው። በየአገሩ መዋዕለ ሕፃናት ነፃ ነው ሲባል እንሰማለን። ይህን አይተን ብንመርጥስ?

“ነፃ ነው” እና “ቦታ አለ” ለየቅል ናቸው። ጀርመን ውስጥ 1 ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ቦታ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው፤ ከኦገስት 2013 ጀምሮ። መብቱ አለ፤ በብዙ ከተማ ግን ወረፋው ረጅም ነው። ስዊድን ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ ከተጠየቀ በአራት ወር ውስጥ ቦታ መስጠት አለበት፤ ክፍያውም ጣሪያ አለው። አራቱን ወር ማን ልጁን ይይዛል? እሱን ከአሁኑ አስቡበት።

እንግሊዝ ደግሞ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ለሚሠሩ ወላጆች ከ9 ወር ሕፃን አንሥቶ በሳምንት 30 ሰዓት ትደግፋለች። ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ከሁለታችሁ ቢያንስ አንዳችሁ የመንግሥት ድጋፍ የማግኘት ፈቃድ ሊኖራችሁ ይገባል። ብዙ የሥራ ቪዛ ላይ ደግሞ “የመንግሥት ድጋፍ አይፈቀድም” የሚል ቅድመ ሁኔታ አለ። 3 ዓመት ሲሞላት የሚመጣው የ15 ሰዓቱ ድጋፍ ግን ለሁሉም ነው።

“ሁለታችንም” ያላችሁትም ላይ ቆም በሉ። አሜሪካ በኤች-ዋን-ቢ (የባለሙያ ሥራ) ቪዛ የሄደ ሰው የትዳር ጓደኛ፣ የግሪን ካርዱ ጉዳይ የተወሰነ ደረጃ ካልደረሰ በቀር፣ መሥራት አይችልም። ብሪታኒያ በእንክብካቤ ሠራተኛ ቪዛ የሚሄዱ ቤተሰብ ይዘው እንዳይገቡ ከማርች 11፣ 2024 ጀምሮ ከለከለች፤ ከጁላይ 2025 ወዲህ ደግሞ በዚህ ቪዛ ከውጭ አዲስ ሠራተኛ መቀበል አቁማለች። አገሩን ከመምረጥ በፊት የሁለታችሁንም ቪዛ አንብቡ።

እግረ መንገዴን፦ የልጅቷን የክትባት ካርድ በእጅ ሻንጣ ያዙት። ጀርመን ከማርች 2020 ጀምሮ የኩፍኝ ክትባት ማስረጃ የሌለውን ልጅ መዋዕለ ሕፃናት አታስገባም።

ቋንቋችንን የሚናገሩ ሰዎች የሚበዙበት ሰፈር እንግባ ወይስ እንራቅ? ባለቤቴ “ልጆቹ ቋንቋ አይለምዱም” ትላለች።

ልጆቹ ይለምዳሉ። የ4 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ከገባ ጎረቤቱ ማንም ይሁን ማን የአገሩን ቋንቋ ይይዛል፤ እንዲያውም በአጭር ጊዜ ውስጥ አነጋገራችሁን ማረም ይጀምራል። የሚጠፋው የእናንተው ቋንቋ ነው። ስለዚህ የባለቤትዎ ስጋት የተገለበጠ ይመስለኛል።

የሚያሰጋኝ አዋቂው ነው። አሠሪ፣ ሐኪምና ጎረቤት ሁሉ በእናንተ ቋንቋ የሚያናግራችሁ ከሆነ አሥር ዓመት ኖራችሁም ደብዳቤ የምታስነብቡት ልጃችሁን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ማታ በር የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋል። ልጅ ሆስፒታል ሲገባ ትንሹን “እኔ ጋ ይደር” የሚል ሰው። “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” የተባለው ለዚህ ነው።

እኔ ብሆን ከዚያ ሰፈር ግማሽ ሰዓት ርቀት ላይ እገባለሁ። እሑድ እሑድ ልጆቹ ከአቻዎቻቸው ጋር በቋንቋቸው እንዲጫወቱ የሚያደርስ፣ ሰኞ ሰኞ ግን በአገሩ ቋንቋ እንድትኖሩ የሚያስገድድ። አንድ ሕንፃ ውስጥ መኖር ሌላ ጣጣ አለው፤ ሐሜት በደረጃ ይወርዳል።

ባለቤቴ ቶሎ ፓስፖርት የሚሰጥ አገር ይላል። እኔ እህቴ ያለችበት አገር እላለሁ። ልጁ 8 ወሩ ነው።

እህትሽ ጋ ሂጂ። ፓስፖርቱ ስንት ዓመት ይጠበቃል፤ ሌሊት የሚያለቅሰው ልጅ ግን ዛሬ ነው። ሁለቱም አገር ለሁለታችሁም የሥራ ፈቃድ የሚሰጡ መሆኑን ግን አረጋግጪ፤ እህትነት የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ሄደን ማየት አንችልም። ቤቱን ከዚሁ ሆነን በፎቶ ብንከራይ ምን እንጠንቀቅ?

የአንድ ዓመት ውል በፎቶ አትፈርሙ። ለአንድ ወይም ለሁለት ወር የሚሆን የተዘጋጀ ማረፊያ ያዙና ቋሚውን እዚያው ሆናችሁ ፈልጉ። ቤቱን ሳያሳይ “ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ፣ መያዣውን አስቀድሙ” የሚል አከራይ ሌባ ነው። ዋጋው ከሰፈሩ በጣም ከረከሰማ አትጠራጠሩ።

ማረፊያውን ስትይዙ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ በዚህ አድራሻ መመዝገብ ይቻላል? ጀርመን ውስጥ በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ አከራዩም በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። እሱ ከሌለ የግብር ቁጥሩም ሌላውም ይንጓተታል። እዚያው አገር “ቀዝቃዛ ኪራይ” ሲባል ማሞቂያና ሌላው ወጪ ያልተጨመረበት ነው፤ “ሙቁ” ተጨምሮበታል። መያዣውም ከሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ በሦስት ጊዜ ከፍሎ መጨረስም መብታችሁ ነው። ብዙ ቤት ደግሞ የወጥ ቤት ቁም ሳጥንና ምድጃ የሌለው ባዶ ክፍል ሆኖ ይከራያል። ፎቶው ላይ ያያችሁት የቀድሞው ተከራይ ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ጠይቁ።

አሜሪካ ከሆነ ቤቱ የተሠራበትን ዓመት ጠይቁ። እርሳስ ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት የሚያከራይ ሰው የሚያውቀውን በጽሑፍ የመናገር ግዴታ አለበት። ትናንሽ ልጆች የተላጠ ቀለም ይነካሉ፣ እጃቸውን ወደ አፍ ይከታሉ፤ ጉዳቱም የአእምሮ ዕድገት ላይ ነው። የመስኮቱን ጠርዝ በቪዲዮ ቀርበው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ቀለሙ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ወደሚቀጥለው ቤት እለፉ።