ከመቁረጫው ሥር የሚወድቀው ወረቀት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ሦስታችሁ ፒያሳ ወዳለችው ሱቄ መጥታችሁ አሳታሚ ድርጅት ልታቋቁሙ እንደሆነ ስትነግሩኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ደሴ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ማሳተም የሚያስብ ወጣት በየቀኑ አይገኝም። ከዚያ ታላቃችሁ ከቦርሳዋ እቅዳችሁን አውጥታ አነበበችልኝ። «ማኅበራዊና አካባቢያዊ ኃላፊነት» ከሚለው ርዕስ ሥር የሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ በየዓመቱ ጦሳ ተራራ ላይ አንድ ሺህ ችግኝ መትከል።

ሳቅሁ። መሳቄ ነውር ነበር፤ የልጅቷ ፊት ሲለዋወጥ አይቼ ደንግጬ ነው ቡና ያስፈላሁት። ቡናው ግን ቶና ሳይደርስ ደንበኛ ገባ፣ ጨዋታችንም ተቋረጠ። የቀረውን በጽሑፍ ላድርሳችሁ። እንደ እናንተ ላሰቡ ሌሎች ልጆችም ቢደርስ አልጠላም።

ችግኙን ትከሉ፤ ጦሳም ያስፈልገዋል። እኔን ያሳቀኝ፣ አሳታሚ ለደን የሚያስበው ተራራ ላይ ወጥቶ ነው ብላችሁ ማመናችሁ ነው። የእኛ ደን ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ ከወረቀት መቁረጫው ማሽን ሥር።

ሥራ የጀመርሁት በ1974 ዓ.ም. በፊደል ለቃሚነት ነው። ከሣጥኑ የእርሳስ ፊደል እየለቀምሁ መስመር እደረድር ነበር፤ ጣቶቼ እስከ እሑድ ድረስ አይጠሩም። ወረቀት የሚቆርጡት ሰው የየጁ ተወላጅ ነበሩ፣ ቁጡና ጥንቁቅ። አንድ ቀን መጠኑ ከወረቀቱ ጋር ያልተመካከረ ትልቅ ሥራ ገባ። ሲቆርጡ ዋሉና ማምሻውን የወደቀውን ቁራጭ ሰብስበው እቅፌ ላይ ከመሩት። «ተሸክመህ ቁም» አሉኝ። አገጬ እስኪሸፈን ተሸክሜ ቆምሁ። «ይኸ ሁሉ ተከፍሎበታል። አንድ ፊደል ግን አላረፈበትም» አሉና ቁራጩን ተቀብለው በሲባጎ አሰሩት። በማግስቱ ለልጆቻቸው ደብተር ሰፉበት።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። 70 በ100 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሉህ ለ16 ቅጠል ሲታጠፍ አንዱ ቅጠል 17.5 በ25 ይሆናል። መጽሐፋችሁ የተለመደው ኤ5፣ ማለትም 14.8 በ21 ከሆነ፣ ከየሉሁ 29 በመቶው ከማሽኑ ሥር ይወድቃል። ያንኑ መጽሐፍ 61 በ86 በሆነው ሉህ ካሳተማችሁት የሚወድቀው 5 በመቶ ገደማ ነው። ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ፣ በ60 ግራም ወረቀት፣ 3,000 ቅጂ ብታዙ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። እንጨት በኬሚካል ተቀቅሎ ፐልፕ፣ ማለትም የወረቀት ሊጥ፣ ሲሆን ደግሞ ከደረቁ እንጨት ግማሽ ያህሉ በመንገድ ይቀራል፤ ስለዚህ ከሁለቱ ኩንታል ጀርባ አራት ኩንታል እንጨት አለ። ሁለት ኩንታል ጤፍ መንገድ ላይ ደፍቶ ለማካካሻው ችግኝ የሚተክል ገበሬ ብታዩ ምን ትሉት ነበር? ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ መሆኑን አልጨመርሁም።

የገጹም ቁጥር እንዲሁ ነው። ፎርማ የምንለው አብሮ ታትሞ የሚታጠፈውን የገጾች ጥቅል ነው። ባለ 16 ገጽ ፎርማ 13 ጊዜ 208 ይሆናል። መጽሐፋችሁ 211 ገጽ ከመጣ ለሦስት ገጽ ሲባል ሌላ ፎርማ ይከፈታል፣ አሥራ ሦስቱ ገጽ ባዶውን ይታሰራል። ደራሲውን አስቀምጡና ሦስት ገጽ አሳጥሩ። መጀመሪያ ይቆጣል፤ ከዚያ የትኛው አንቀጽ ትርፍ እንደሆነ ራሱ ያሳያችኋል። እስካሁን ባሳጠርኋቸው መጻሕፍት የተጎዳ አንባቢ አልገጠመኝም።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት። በ1990ዎቹ፣ ገና ጉልበቴ ሳይደክምና ልቤ ሳይሰበር፣ አንድ መጽሐፍ 5,000 ቅጂ አሳተምሁ። ብዙ ባሳተምህ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይረክሳል የሚባለው እውነት ነው፤ እኔም ያመንሁት እሱን ነበር። ከሺህ ትንሽ የበለጠ ተሸጠ። የቀረው አልጋ ሥር፣ ኮሪደር ላይ፣ የባለቤቴ ዱቄት ማስቀመጫ አጠገብ ተከመረ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ በመስኮት ገብቶ የሚቀመጥ እንግዳ ነው። በሦስተኛው ክረምት ወረቀቱ ሻገተ፣ አይጥም ገባበት። ቆራሌው በኪሎ ወሰደልኝ። ከወር በኋላ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ስወርድ ኦቾሎኒ ገዛሁ። መጠቅለያውን ስፈታው ገጽ 47 ነበር። ቆሜ አነበብሁት፤ በአራተኛው መስመር ላይ ሦስት ጊዜ አርሜ ያላየሁትን የፊደል ግድፈት ያን ቀን አገኘሁት።

ያልተነበበ ቅጂ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል፣ ሲታተምና ሲጣል። በመጀመሪያ ከ500 እስከ 1,000 ቅጂ አትሙ። አንባቢ ከጠየቀ ድገሙት፤ ፋይሉ አይሻግትም። የአንዱ ዋጋ በጥቂት ብር ይወደድባችሁ ይሆናል። እኔ ያንን ጥቂት ብር ለማዳን ስል የከፈልሁትን ባለቤቴን ጠይቋት።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሐይቅ እስጢፋኖስን ተመልከቱ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባለው የብራና መጽሐፍ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ ነው፤ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ብራና የሚዳምጥ ሰው ለአንድ መጽሐፍ ስንት በግና ስንት ፍየል እንደሚሄድ ያውቃል፤ ስለዚህ ባለቤት የሌለው መጽሐፍ አይጀመርም። የተጻፈው በማኅደር ተከቶ ይሰቀላል፣ ስፌቱ ሲላላ እንደገና ይሰፋል፣ የሰረቀውና የፋቀው እንዲረገም ዳር ላይ ይጻፍበታል። በጀማ ንጉሥና በዳና፣ በእስልምና ትምህርት ቦታዎቹ በኩልም የመሻይኾቹ ኪታብ በቆዳ ተለብዶ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ወሎ ውስጥ መጽሐፍ የሚጣል ዕቃ የሆነው በእኛ ዘመን ነው፤ በእኔ ጭምር።

እዚህ ላይ ስለ ሙጫና ስለ ስፌት አንድ ነገር ልበል። በሙጫ ብቻ የተያያዘ መጽሐፍ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ወርዶ አንድ ዓመት ከተማሪ እጅ ወደ ተማሪ እጅ ሲዞር ጀርባው ይሰነጠቅና ቅጠሉ ይበተናል። በክር የተሰፋው ይቆያል። ለቤተ መጻሕፍት የምታሳትሙትን አሰፉት። ሽፋኑን በፕላስቲክ ማስለበስም ያምራል እንጂ በኋላ ወረቀቱን መልሶ ለማቀነባበር እንቅፋት ነው፤ ለልጆች መጽሐፍ ካልሆነ በስተቀር ተዉት። ከውጭ የሚመጣ የወረቀት ጥቅል ላይ ኤፍኤስሲ የሚል የዛፍ ምልክት ካለ በኃላፊነት ከተያዘ ደን ወይም ተመልሶ ከተቀነባበረ ወረቀት የመጣ ነው ማለት ነው። ዋጋው ከተቀራረበ እሱን ምረጡ፤ ካልተቀራረበ ግን ልኩን ባልጠበቀ ምልክታም ወረቀት ከመኩራራት ተራውን በልኩ መቁረጥ ይሻላል።

የተባበሩት መንግሥታትና ዓለም አቀፉ የአሳታሚዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ለአሳታሚዎች ያወጡትን ቃል ኪዳን አንብባችሁ ይሆናል። አሥር ነጥብ አለው፤ ከአሥራ ሰባቱ የዘላቂ ልማት ግቦች ቢያንስ በአንዱ ላይ እንድትሠሩ፣ ለዚህ የሚከታተል ሰው እንድትመድቡና በጀት እንድትይዙ ይጠይቃል። መፈረሙ ቀላል ነው። የሚነክሰው በጀት የሚለው ቃል ነው። ሦስት ሰው ለሆነ ድርጅት በጀቱ ትልቅ መሆን የለበትም፤ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ የአምስት ቅጂ ዋጋ ብትመድቡ ይበቃል፤ ግን ጻፉት፣ በዓመቱም መጨረሻ የት እንደገባ ቁጠሩት።

ስለ ስጦታ ደግሞ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በዙሪያችን ያሉ የብዙ ትምህርት ቤቶች መደርደሪያ ባዶ ነበር። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ከባሕር ማዶ መጽሐፍ መጣለት ተባለና እኔም ካርቶን በመክፈት ልረዳ ሄድሁ። የመጀመሪያው ካርቶን የሰው አገር የግብር ሕግ መመሪያ ነበር። ሁለተኛው ውስጥ የበረዶ ላይ መንሸራተት የሚያስተምር ሥዕላዊ መጽሐፍ አገኘን፤ አሥራ አንድ ቅጂ። መምህሩ አንዱን ገልጦ ዝም አለ፤ ከዚያ «ልጆቹ ይህ በረዶ መቼ ነው የሚመጣው ብለው ይጠይቁኛል» አለኝ። የላኩት ሰዎች ክፋት የላቸውም፤ መጋዘናቸውን አጸዱ፣ ደስም አላቸው። ግን ማንም ደውሎ ምን ትፈልጋላችሁ አላለም።

እናንተ ደውሉ። መጽሐፍ ከመስጠታችሁ በፊት መምህሩን፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ፣ ከተቻለም ልጆቹን ጠይቁ። በአማርኛ ብቻ አናትምም ብላችሁ ከሆነም ይበል። ከሚሴ ያለ ልጅ ኦሮምኛ ያነባል፤ ሰቆጣ ኽምጣኛ አለ፤ የአርጎባ አባቶች ተረት ደግሞ ከነባለቤቶቹ እያለቀ ነው። ከእነዚህ በአንዱ የሚታተም ሠላሳ ሁለት ገጽ ሁለት ፎርማ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም።

ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድነናል የሚሉም አሉ። ስልክና መብራት ላለው ያድነው ይሆናል፤ ተንታ ገጠር ላለ ልጅ ገና ነው። አንድ ነገር ግን ለእናንተ በእጅጉ ይጠቅማል። ዓይነ ስውራን አንባቢዎች መጽሐፋቸውን በብሬል ወይም በድምፅ እንዲያገኙ የሚፈቅደው የማራካሽ ስምምነት በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀ ሲሆን አገራችንም ተቀብላዋለች። ስምምነቱ ግን ፋይሉን አያስተካክልላችሁም። ከዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት ከሚያውቁበት ሥርዓት፣ በፊት በነበሩ ፊደላት የተተየበ የአማርኛ ጽሑፍ ለሚያነበው ፕሮግራም ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ተይቡ፣ የታረመውን የመጨረሻ ፋይል በሦስት ቦታ አስቀምጡ፣ የዓይነ ስውራን ማኅበር ሲጠይቃችሁ በዚያው ቀን ስጡ። ምንም አያስወጣችሁም።

ከሁሉ የቀረበውን ኃላፊነት ወደ መጨረሻ አመጣሁት፤ ምናልባት ስለሚያሳፍረኝ ይሆናል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ይጠብቃል፤ አዋጁ ግን ማተሚያ ቤት ገብቶ ቅጂ አይቆጥርም። ሦስት ሺህ ታተመ ተብሎ አራት ሺህ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ዝም ያልሁበትም ጊዜ አለ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ የታተመው ቁጥር መጽሐፉ ላይ በእውነት ይጻፍ፣ ደራሲው ሲታተም መጥቶ ማየት ይችላል ተብሎ ይነገረው። ማተሚያ ቤት ስትመርጡም የዋጋ ዝርዝሩን ብቻ አትዩ። ጠረጴዛውን እየዞሩ ፎርማውን በእጃቸው የሚደርቡትን ሴቶች እዩ፤ የጣታቸው ጫፍ በወረቀት የተቆረጠ ነው። በሰዓቱ ይከፈላቸዋል? ወንበር አላቸው? እነሱ ካኮረፉ ገጽ 97 ከገጽ 64 ቀጥሎ ይታሰርላችኋል፤ ይህን ደግሞ ከልምድ ነው የምነግራችሁ።

እቅዳችሁን ረስታችሁት ሄዳችኋል። ጀርባው ባዶ ስለነበር ይህን ደብዳቤ የጀመርሁት በእሱ ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት የሰኞ ገበያ ግርግር ሳይጀምር ኑና ውሰዱት፤ ከማተሚያ ቤቱ የሰበሰብሁትን ሁለት ዓይነት ሉህም አስቀምጫለሁ፣ አጥፋችሁ ለኩት።